በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው የሚያፈስ ልጅ

 

ይህን ንግግር በሬዲዮ የሰማችሁ አሁን በጽሑፍ ታነቡታላችሁ። ያልሰማችሁም እነሆ ከዚህ ታገኙታላችሁ። ቀስ እያላችሁ አንብቡ። የከበዳችሁ ቃል ካለ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ዛሬ የምናወራው ስለ ልጆች ነው። ቁጭ ማለት ስለሚያቅታቸው፣ የነገሯቸው ቶሎ ስለሚጠፋባቸው፣ የሰው ንግግር ስለሚያቋርጡ፣ ያነበቡትን መልሰው መናገር ስለሚቸግራቸው ልጆች ነው። እንዲህ ያለ ልጅ በየሰፈሩ አለ። ምናልባት በእናንተም ቤት ይኖራል።

ነገሩን ያነሳሁት በምክንያት ነው።

በማታ ትምህርት የማስተምራቸው አንዲት እናት አሉ። ጉሊት ይሸጣሉ። ፊደል ከቆጠሩ ገና ዓመት አልሞላቸውም። አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ሌሎቹ ሲወጡ እሳቸው ቀሩ። ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሯትን ወረቀት ፈትተው ሰጡኝ። ከልጃቸው ትምህርት ቤት የመጣች ወረቀት ናት። ልጁ አሥር ዓመቱ ነው፤ አራተኛ ክፍል።

«ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ከትምህርት ቤት ወረቀት ሲመጣ ጎረቤት ነበር የሚያነብልኝ። ይቺን ግን ራሴ አነበብኳት» አሉኝ።

እኔም «እሰይ! እንኳን ደስ ያለዎት» አልኳቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም። ወረቀቷን ሳያት እንዲህ ትላለች። «ልጅዎ ሰነፍና ረባሽ ነው። የታዘዘውን አይፈጽምም።»

እንግዲህ በገዛ ዓይናቸው ያነበቡት የመጀመሪያው ደብዳቤ ይህ ሆነ።

«አባትየው ተቆጥተዋል» አሉኝ። «ትምህርቱ ካልገባው ለምን ደብተር ይፈጃል? ለመጪው ዓመት አይመዘገብም፤ ጋራዥ ገብቶ ሥራ ይልመድ እያሉ ነው። ልጄ ግን ሰነፍ አይደለም ጋሼ። ፊደሉን ከኔ ቀድሞ ነው የለየው። ወሬ ከጀመረም አያቆምም። ግን የሚያወራውን ማንም አይረዳውም። ሱቅ ስልከው ሦስት ነገር ነግሬው አንድ ይዞ ይመጣል። አንዳንዴ እሱንም ጥሎት ይመጣል። ምን ላድርገው?»

የዛሬው ንግግር ለእሳቸው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልናገር። እኔ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ልጁን ዓይቼ «ይህ ነው ያለበት» ማለት አልችልም። የነገርኳቸው ከሐኪሞች የተማርኩትንና በክፍል ውስጥ ያየሁትን ነው። ለእናንተም የምነግራችሁ ያንኑ ነው።

ሐኪሞች የሚያውቁት አንድ ችግር አለ። በፈረንጅ አፍ ሲያሳጥሩት ኤዲኤችዲ ይሉታል። በአማርኛ «የትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ ቅብጥብጥነት» እንደማለት ነው። ትኩረት ማለት ልብን አንድ ነገር ላይ ማሳረፍ ነው። ይህ ችግር ያለበት ልጅ ልቡን አንድ ቦታ ማሳረፍ ያቅተዋል። እጁና እግሩም አያርፍም። ሳያስብ ይናገራል፤ ሳያስብ ይሮጣል።

ችግሩ የዛሬ ዘመን ፈጠራ አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1902 ጆርጅ ስቲል የተባሉ የሕፃናት ሐኪም ለንደን ከተማ ላይ ስለ እንዲህ ዓይነት ልጆች ንግግር አድርገው ነበር። አእምሯቸው እንደ እኩዮቻቸው ሆኖ ሳለ ልባቸው አንድ ቦታ እንደማያርፍ ተናግረዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጠንቷል። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ከመቶ ልጆች አምስቱ ያህል ይህ ችግር አለባቸው። በአንድ ክፍል ስልሳ ልጆች ካሉ ሦስት ያህሉ ማለት ነው።

ታዲያ ከየት ይመጣል? አንዳንዱ «አሳዳጊ የበደለው» ይላል። ሌላው «ዓይን ገብቶበት ነው» ይላል። በመሠረቱ ችግሩ ከአስተዳደግ የሚመጣ አይደለም። አብዛኛው በዘር የሚወረድ ነው። ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ወይም ሲወለድ ክብደቱ በጣም ያነሰ ሕፃን ላይም ይበዛል። ስለዚህ እናቲቱን መውቀስ ተገቢ አይደለም። አባትየው ራሳቸው በልጅነታቸው እንዲህ ኖረው ይሆናል። ይህን ለእኚያ እናት ስነግራቸው «ኧረ እሳቸውማ እስከ ዛሬም ቁጭ ብለው ቡና አይጨርሱም» ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ቅብጥብጥ ያልሆኑም አሉ። ዝም ብለው ተቀምጠው ልባቸው በመስኮት የሚወጣ ልጆች አሉ። ሴቶች ልጆች ብዙ ጊዜ በዚህ በኩል ናቸው። አይረብሹም፤ ስለዚህ ማንም አያያቸውም። መምህሩ «ጨዋ ናት» ይላል። ጨዋይቱ ግን ከትምህርቱ ግማሹን አልሰማችም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የልጁን ሩጫ ሁሉም ያየዋል። የማይታየው የቋንቋው ችግር ነው። ይህ የትኩረት ችግር ካለባቸው ልጆች ሁሉም ባይሆኑ ብዙዎቹ በመስማት፣ በመናገርና በማንበብ በኩል ይቸገራሉ። የሚያስቀጣቸውም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

እስቲ ይህን ትእዛዝ ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

«ማሙሽ፣ ጓዳ ገብተህ፣ ከአልጋ ሥር ያለችውን ጀሪካን አውጥተህ፣ ከቧንቧ ውሃ ቀድተህ፣ በጉን አጠጥተህ፣ ስትመለስ በሩን ዝጋ!»

ስንት ሥራ ነው? ቁጠሩት። አምስት ነው። እኛ አንድ ትእዛዝ የሰጠን ይመስለናል። ልጁ ግን አምስት ነገር በልቡ ይዞ መሄድ አለበት። ሰው የሰማውን ለጥቂት ጊዜ በልቡ የሚይዝበት ቦታ አለው። ያንን ቦታ እንደ እፍኝ አስቡት። የአንዱ እፍኝ ሰፊ ነው፤ የሌላው ጠባብ ነው። ይህ ችግር ያለባቸው ልጆች እፍኛቸው ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው። ሦስት ጣሳ እህል ብታፈሱበት ሁለቱ መሬት ይወድቃል። ልጁ አልደበቀውም፤ አልናቃችሁም፤ ፈሰሰበት።

ቋንቋችንም የራሱ ጠባይ አለው። በአማርኛ ዋናው ግስ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «ገብተህ፣ አውጥተህ፣ ቀድተህ፣ አጠጥተህ» እያልን እንሄድና በመጨረሻ «ዝጋ» እንላለን። ከአምስቱ ሥራ በትእዛዝ ድምፅ የተነገረው «ዝጋ» ብቻ ነው። ልጁ በሩን ዘግቶ ሊጫወት ቢሄድ ይገርማል? እኔ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ልጁ በሩን በደንብ ዘግቶ ሄደ። በጉ ሳይጠጣ ዋለ። ልጁም ተገረፈ።

ደግሞ ይህን ተመልከቱ። «ዛሬ ከጓደኞችህ ጋር ወደ ወንዝ እንዳትሄድ።» የከለከልንበት ቃል የመጨረሻው ቃል ነው። ልቡ «ወንዝ» የሚለው ላይ የቀረ ልጅ «እንዳትሄድ» የሚለውን አያገኘውም። ወንዝና ጓደኞች ተነግረውታል፤ ተነስቶ ይሄዳል። እኛ «ደፈረኝ» እንላለን። ይህ የኔ የመምህርነት ትዝብት ነው። እናንተም በቤታችሁ ሞክሩት።

እኔም ጥፋት አለብኝ። ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ተማሪ ወደ ዕቃ ክፍል ልኬ ነበር። ጠመኔ፣ የስም መጥሪያ ደብተርና ትልቁን ማስመሪያ እንዲያመጣ ነገርኩት። ባዶ እጁን ተመልሶ ስለ አንዲት ድመት ይነግረኝ ጀመር። ድመቷ ዕቃ ክፍል ውስጥ ወልዳለች። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ያሾፈብኝ መሰለኝና እስከ ደወሉ ድረስ አንበረከክሁት። ልጁ አላሾፈም ነበር። ድመቷን ሲያይ የኔ ሦስት ዕቃዎች ፈሰሱበት። ይህ የገባኝ ብዙ ዘግይቶ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ልጁን በትምህርት ቤት አላየሁትም።

የልጁን ንግግር ደግሞ እንይ። እኚያ እናት «የሚያወራውን ማንም አይረዳውም» ብለውኛል አይደል? አንድ ቀን ልጁን ይዘውት መጡ። በእረፍት ሰዓት ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። እንዲህ አለኝ።

«ወደቀ! ከዚያ እኮ መታው፣ አይ… በፊት ቀማው፣ ከዚያ አለቀሰ፣ ኳሱ ደግሞ አጥር ውስጥ… እና ዘበኛው መጣ፣ እሱ እኮ አይደለም!»

ማን ወደቀ? ማን መታ? ማን አለቀሰ? «እሱ እኮ አይደለም» የተባለው ማን ነው? በአማርኛ «ወደቀ» ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። ማን እንደወደቀ ግን ተናጋሪው አስቀድሞ ስሙን ካልጠራ አይታወቅም። ልጁ ሁሉንም አይቷል። በልቡ ሁሉም አለ። ሲያወጣው ግን ኋላው ፊት፣ ፊቱ ኋላ ይሆናል። የሰዎቹን ስም ይዘላል። ሰሚው የማያውቀውን እንደሚያውቅ ይቆጥራል።

በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ሮዝመሪ ታኖክ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ አጥንተዋል። ጥናቱ በፈረንጆች በ1993 ታትሟል። ይህ ችግር ላለባቸውና ለሌለባቸው ወንዶች ልጆች ተረት ነገሯቸውና መልሳችሁ ንገሩን አሏቸው። የተረቱን ዋና ሐሳብ በመያዝ በኩል ልጆቹ አልተለያዩም። መልሶ በመናገር ግን ተለያዩ። ችግሩ ያለባቸው ልጆች ያነሰ ነገር ተናገሩ፤ ቅደም ተከተሉ ተዛባባቸው፤ ስሕተትም በዛባቸው። እንግዲህ ተረቱ ገብቷቸዋል። የጎደለው አሰናድቶ ማውጣቱ ነው። መምህር «ያነበብከውን ተናገር» ብሎ ልጁ ሲንተባተብ «አላጠናህም» የሚለው ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ከዚህ ተረዱ።

ጨዋታ ላይም እንዲሁ ነው። ጨዋታ ተራ አለው። አንዱ ይናገራል፤ ሌላው ይጠብቃል። እነዚህ ልጆች መጠበቅ ይከብዳቸዋል። ጥያቄው ሳያልቅ ይመልሳሉ። ትልቅ ሰው ሲናገር ይገባሉ። በአገራችን ደግሞ ልጅ ትልቅ ሰው ፊት ዝም እንዲል ይጠበቃል። ስለዚህ «ባለጌ» የሚለው ስም ቶሎ ይወጣላቸዋል። እኩዮቻቸውም ይሸሿቸዋል። ይህ ልጁን ከዱላ ይበልጥ ያመዋል።

ስለ ንባቡ ለእናንተ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ፊደልን በትልቅነታችሁ ስለለያችሁ ድካሙን ታውቁታላችሁ። «ተ» እና «ቸ»፣ «ነ» እና «ኘ»፣ «ደ» እና «ጀ» የሚለያዩት ከላይ ባለች ትንሽ ምልክት ነው። «ቡ» ወገቡ ላይ ቅጥያ አለው፤ «ቢ» ከእግሩ ሥር። ትንሿን ምልክት ለማየት ዓይን ብቻ አይበቃም፤ ልብም አብሮ መዋል አለበት። ልቡ የማይውል ልጅ አውቆት ሳለ ይስተዋል። ዛሬ በትክክል አንብቦ ነገ ይሳሳታል። መምህሩም «ትናንት አንብበኸው የለም?» ብሎ ይቆጣል።

ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውም አለ። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ «ገና አልመጣም» የሚለው ነው። በጽሑፍ ግን አንድ ናቸው። የትኛው እንደሆነ የምናውቀው ከፊትና ከኋላ ያሉትን ቃላት ይዘን ነው። ልጁ የፊተኛው ቃል ከፈሰሰበት በምን ይለየው?

እዚህ ላይ አባቶቻችን ያስተዋሉትን ላንሳ። በቀድሞው የቄስ ትምህርት ልጅ «ሀ ሁ ሂ ሃ» ብሎ ከጨረሰ በኋላ «አ ቡ ጊ ዳ» ይባል ነበር። ፊደሉ ተቀላቅሎ ይቀርብለታል። በዜማ የሸመደደና በእርግጥ የለየ በዚህ ይታወቃል። ልቡ የማያርፍ ልጅ ዜማውን አሳምሮ ይይዛል። በሀሁ ቅኝት አንደኛ ይወጣል። አቡጊዳ ላይ ግን ይወድቃል። ልጃችሁ ፊደል መለየቱን ስትፈትሹ በቅደም ተከተሉ አትጠይቁት፤ አቀላቅሉበት።

ሌላም ነገር እወቁ። ይህ የትኩረት ችግር ካለባቸው ልጆች ከአራት አንዱ ወይም ከዚያ በላይ ለብቻው የሆነ የንባብ ችግርም አብሮ አለበት። ያ ሌላ ችግር ነው። ትኩረቱ ቢሻሻልም ንባቡ ለብቻው እርዳታ ይፈልጋል።

ነገር ግን ልቡ ያልዋለ ልጅ ሁሉ ይህ ችግር አለበት ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ስሕተት ይሠራል። ጆሮው መግል የሚይዘው ልጅ በደንብ ስለማይሰማ «አይታዘዝም» ይባላል። ዓይኑ ሰሌዳውን የማያየው ልጅ መጻፍ ትቶ ይረብሻል። ቁርስ ያልበላ ልጅ፣ ሌሊት ያልተኛ ልጅ፣ እናቱ የሞተችበት ልጅ ልቡ ትምህርት ላይ አይሆንም። አንድ ዓይነት የሚጥል በሽታም አለ፤ ልጁን አይጥለውም። ለጥቂት ሴኮንድ ያፈዘዋል፤ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። መምህሩ «አልሜ» ይለዋል።

በቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ልጅም አለ። ትምህርት ቤት ገብቶ በማያውቀው ቋንቋ ሲያስተምሩት ቢፈዝ በሽታ አይደለም። ልጁን በቤቱ ቋንቋ አናግሩት። በዚያ ቋንቋ ተረቱን አሳምሮ የሚተርት ከሆነ ችግሩ የትምህርቱ ቋንቋ ነው። በሁለቱም ከተዛባበት ግን ይታይ። ሁለት ቋንቋ መማር ራሱ ይህን ችግር አያመጣም።

ስለዚህ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጆሮና ዓይኑ ይታይ። ከዚያ ወደ ሆስፒታል ይጻፍለታል። ለዚህ ችግር የደም ምርመራ የለውም። ሐኪሙ ይጠይቃል። ከ12 ዓመቱ በፊት ነው የጀመረው? ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ቆይቷል? በቤትም በትምህርት ቤትም ይታያል? ኑሮውንና ትምህርቱን ያውካል? ለነዚህ የምትመልሱትን አስቀድማችሁ በወረቀት ጻፉና ይዛችሁ ሂዱ። ትጽፋላችሁ፤ አሁን ትችላላችሁ።

መድኃኒትም አለ። ሜቲልፌኒዴት የሚባለው አንዱ ነው። የሚሰጠው በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ነው። ከጎረቤት ተቀብላችሁ እንዳትሰጡ። መድኃኒቱ ልብን ለማሳረፍ ይረዳል፤ ተረት መተረት ግን አያስተምርም። ያ የእናንተና የመምህሩ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ቤት ሥራው ልምጣ። ለእኚያ እናት የነገርኳቸው ይህን ነው።

ልጁን ከሩቅ አይጥሩት። ከማድ ቤት ሆኖ መጮህ ለእንዲህ ያለ ልጅ ነፋስ ነው። ይጠጉት፤ በስሙ ይጥሩት፤ ትከሻውን ይንኩት። ዓይኑ ወደ እርስዎ ሲመለስ ይናገሩ። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩት። «ጀሪካኗን አምጣ።» ሲያመጣ ሁለተኛውን። «ውሃ ቅዳ።» ሲቀዳ ሦስተኛውን። ግሱን ቶሎ ይንገሩት፤ መጨረሻ ድረስ አያስጠብቁት። ከዚያ «ምን አልኩህ?» ብለው ያስመልሱት። ጥያቄው የቁጣ መሆን የለበትም። ልጁ በራሱ አፍ ሲለው በልቡ ይቆይለታል።

«ጊዜ የለኝም ጋሼ፤ ጉሊት ነኝ እኮ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔም «አንዴ ነግረው ሦስቴ ከሚቆጡ ሦስቴ ቢነግሩት ጊዜዎ አይተርፍም?» አልኳቸው። አሰቡና «እሱስ ልክ ነው» አሉ።

ለንግግሩ ደግሞ ቡናችን ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ቡና ሲፈላ ልጁን አስቀምጡትና ጠይቁት። መጀመሪያ ምን አደረግን? አጠብን። ቀጥሎስ? ቆላን። ከዚያስ? ወቀጥን። ከዚያስ? ጀበናው ውስጥ ጨመርን። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ቅደም ተከተል ያለው ነገር ነው፤ ዓይኑም እያየው ነው። ሲለምደው «እስቲ ለአክስትህ ቡና እንዴት እንደሚፈላ ንገራት» በሉት። ከዚያ የዋለበትን እንዲሁ ያውራ። «ወደቀ» ሲል ቀስ ብላችሁ «ማን?» በሉት። አትሳቁበት፤ አታቋርጡት፤ «ማን?» ብቻ።

ተራ መጠበቅን ለማስለመድ እንቆቅልሽ አለላችሁ። «እንቆቅልሽ» ስትሉ «ምን አውቅልህ» ብሎ ይጠብቃል። ጠያቂው ሳይጨርስ መመለስ አይፈቀድም። ያላወቀ አገር ይሰጣል። ልጁ መጠበቁን እንደ ጨዋታ እንጂ እንደ ቅጣት አያየውም። በበኩሌ ከዚህ የተሻለ መልመጃ አላገኘሁም። ደግሞ ገንዘብ አያስወጣም።

ሲያነብ በስንጥር እየጠቆመ ያንብብ። ከሥሩ ያለውን መስመር በወረቀት ሸፍኑለት። ሁለት መስመር ሲጨርስ መጽሐፉን ዘግታችሁ «ምን አለ?» በሉት። ገጹ እስኪያልቅ አትጠብቁ። አሥር ደቂቃ ያንብብ፤ ተነስቶ ውሃ ይጠጣ፤ ተመልሶ አሥር ደቂቃ ያንብብ። በደንብ የሠራውን ወዲያው አመስግኑት። ማታ ላይ ቢመሰገን ለምን እንደተመሰገነ አያስታውሰውም።

ዱላስ? ዱላ እፍኙን አያሰፋውም። የተመታ ልጅ የሚያስበው ስለ ዱላው ነው። ያቺ የነበረችው ትንሽ ቦታም በፍርሃት ትሞላለች። እኔ ያንበረከክሁት ልጅ ማስመሪያ ማምጣት አልተማረም።

መምህራንም ይህን ካነበባችሁ ብዙ አላስቸግራችሁም። ስልሳ ልጅ ይዛችሁ አንዱን ብቻ ማስተማር እንደማትችሉ አውቃለሁ። ግን ፊት ወንበር ማስቀመጥ ይቻላል። ከመስኮትና ከበር ማራቅ ይቻላል። ትእዛዙን በሰሌዳ ላይ በቁጥር መጻፍ ይቻላል፤ ለሌሎቹም ይጠቅማል። ሰሌዳ ለማጥፋት፣ ደብተር ለመሰብሰብ እሱን አስነሱት። እግሩ መንቀሳቀሱ ካልቀረ ሥራ ይዞ ይንቀሳቀስ።

የእኚያን እናት ነገር ሳልነግራችሁ እንዳልጨርስ።

ልጁን ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ጆሮውም ዓይኑም ደኅና ነው ተባለ። ሆስፒታል ተላከ። ሐኪሟ እናቱን ጠየቀች፤ ለመምህሩም መጠይቅ ላከች። በሁለተኛው ቀጠሮ የትኩረት ችግር እንዳለበት ነገረቻቸው።

በዚያ ሳምንት እናቲቱ አንድ ወረቀት ይዘው መጡ። ለልጃቸው መምህር የጻፉት መልስ ነው። «ስሕተቱን ያርሙልኝ» አሉ። ሁለት ፊደል ብቻ አረምሁ። ደብዳቤው ይህ ነው።

«ለልጄ መምህር። ጤና ይስጥልኝ። የላኩትን ወረቀት ራሴ አነበብኩ። ልጄ ሰነፍ አይደለም። ብዙ ነገር በአንዴ ሲነግሩት ይጠፋበታል። ሐኪም አይታዋለች። እባክዎ ፊት ወንበር ያስቀምጡልኝ። አንድ አንድ ይንገሩት። ምን አልኩህ ይበሉት። እናቱ።»

መምህሩ ፊት ወንበር አስቀመጠው። ደብዳቤውንም ለሌሎች መምህራን አሳየ። አባትየው ገና ልባቸው አልሞላም። «እስከ መስከረም እንይ» ብለዋል። ጋራዡ አልቀረም፤ ምዝገባውም አልቀረም።

ባለፈው ሳምንት ልጁ ሱቅ ተልኮ ነበር። እናቱ ሦስት ዕቃ ነግረው በጣቱ እያስቆጠሩ አስመልሰውታል። ጨውና ሳሙና ይዞ መጣ። ክብሪቱን ረሳ። ደጃፉ ላይ ጣቶቹን ቆጠረ፤ ሦስተኛዋ ጣት ላይ ሲደርስ «ውይ!» ብሎ ሮጦ ተመለሰ።